ሦስተኛው ፎቶ

ዳኜ የካሜራውን ገመድ ለሦስተኛ ጊዜ አልቀበልም ሲል ትርንጎ አልገረማትም። በጨው በር ከተማ የችሎቱ ኮምፒውተር፣ ሕዝቡ በቁልምጫ ዳኜ የሚለው፣ በሰው ዐይን ያላለፈ ምስል አይወስድም። ማሽኖች የሐሰት ፎቶ መፈብረክ ከለመዱ ወዲህ ሕጉ ይኸው ነው። እንደ ትርንጎ ያሉ ቀጂዎች የኖሩትም ለዚህ ነው፤ ፎቶውን አይተው፣ ያዩትን ግንባር ላይ በሚለጠፍ ሰሌዳ በኩል ወደ ዳኜ ያንቆረቁራሉ።

"ይህቺ አሮጊት ካሜራና ዳኜ አይግባቡም" አሉ የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ቢተው፣ መቶ ዓመት ያለፋትን ዕቃ እያገላበጡ። "በይ ልጄ፣ ግንባርሽን አምጪ።"

ካሜራው የተገኘው ትናንት በውኃ ማማው ሥር፣ አንድ ሬሳ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ነው። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር በውኃ ተራ ተጣልተው በብረት ሲቀጣቀጡ አሥራ አንድ ሰው ሞቷል። ዘመዱን የሚያይ ዐይን ያልነበረውን ይጨምራል ይባላልና፣ ጋሽ ቢተው በደንቡ መሠረት ዘመድ እዚያ ነበረሽ ወይ ብለው ጠየቋት። የለኝም አለች። ልጇ ናሁሰናይ ጋራዥ እንደዋለ ነግሯታል። ልቧ ግን አላመነም። ትናንት እራቱን በማንኪያ መብላቱ ራሱ አስፈርቷታል። ደግሞ መቼ ሳትፈራ ቀርታ ታውቅና፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በወጣ ቁጥር በሐሳቧ ቀብራዋለች።

የካሜራው መስኮት ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም። ባትሪው ሊያልቅ ቀይ ያበራል። በመጀመሪያው ፎቶ ብረት የአንድ ጎረምሳ መንጋጋ ሰብሮ ጥርሱ ይረጫል። በሁለተኛው ሴት በጸጉሯ ትጎተታለች። በሦስተኛው ናሁሰናይ ነበር። መሬት የተዘረረ ሰው አንገት ላይ ብረት አለ፤ ብረቱን የያዙት የልጇ እጆች ናቸው።

ዐይኗን ጨፈነች። መስኮቱም ጨለመ። ዳኜ ግን ወስዶ ጨርሷል።

የተቀዳው ሁሉ ወዲያው ከክፍሉ ትይዩ ባለው የአደባባዩ ግድግዳ ላይ ይታያል። እዚያም፣ ሕዝቡ ፊት፣ ናሁሰናይ ብረቱን አንሥቶ የሰውየውን አንገት አንዴ መታው፤ ደገመው፤ ሠለሰው።

"እኔ ያየሁት የቆመ ፎቶ ነው" አለች ትርንጎ። "ሌላውን ማን ጨመረው?"

ጋሽ ቢተው ባትሪ ፍለጋ መሳቢያውን ይገለብጡ ጀመር።

ደረጃውን ወርዳ አደባባዩ ስትደርስ ሕዝቡ ልጇን ከጋራዡ ጎትቶ አውጥቶታል። ፎቶው ላይ የተዘረረው ሟች ወንድም መርዕድ የናሁሰናይን ጉልበት በብረት ሰባብሮ ወደ ደረቱ ዞሯል። የጎድን አጥንቱ እንደ ጭራሮ ሲንቋቋ ሰማች። ላዩ ላይ ወደቀች፤ በእርግጫ ገለበጧት፤ እየዳኸች ተመለሰች።

"እማ" አላት ደም እየተፋ፣ "ቀጂዋ አንቺ ነበርሽ?"

አዎ ማለት አቃታት። እጁን ያዘች። ሁለቱም መዳፎቹ ብረት በቆረጠው መስመር ተተርትረዋል። ማንኪያው ለዚህ ኖሯል።

ጋሽ ቢተው ካሜራውን አብርተው እያለከለኩ ደረሱ። ፎቶው ጠርዝ ላይ ሌላ ሰው ነበር፤ በጉልበቱ ብረቱን የሟቹ አንገት ላይ የሚጫን። የናሁሰናይ ጣቶች ከብረቱ ሥር ገብተው ወደ ላይ ይስባሉ። ትርንጎ ከልጇ እጆች በቀር ያየችው አልነበረም።

"አሁን በደንብ አይተሽ ቅጂው" አሏት።

ናሁሰናይ እጇ ላይ መተንፈሱን አቁሟል። ትርንጎ ካሜራውን ለመርዕድ ዘረጋችለት።

"አንተ እየው። እኔ እናት ነኝ።"

መርዕድ ረጅም ጊዜ አየ። ብረቱ ከእጁ ወደቀ። ጋሽ ቢተው ሰሌዳውን ግንባሩ ላይ ሲለጥፉበት አልተከላከለም።

ግድግዳው ላይ ናሁሰናይ ብረቱን ከሰውየው አንገት ፈልቅቆ አነሣው። ሰውየው ሳል ሳል አለው፣ ተነሣ፣ አቧራውን አራግፎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ይህም ፎቶው ላይ አልነበረም። አደባባዩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ግን አልተናገረም።