ይሄ ጫማ የማነው?

ልጆች፣ ከውዳሴ ጋር ላስተዋውቃችሁ። ዓይኗ አንድ ቦታ አያርፍም፤ አፏማ ጭራሽ አያርፍም።

ጃንጥላ ስታይ፣ «ይሄ የማነው?» ትላለች። የጎረቤት ድመት ስታይ ደግሞ፣ «ይሄስ የማነው?»

«ኧረ ውዳሴ፣ ጆሮዬን አደነቆርሽው» ትላለች እናቷ። ትስቃለች እንጂ አትቆጣም።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ደጃፉ ላይ ሁሉም ሰው ጫማውን ያወልቃል። ትልቁም ጫማ፣ ትንሹም ጫማ፣ የሚሸተውም ጫማ እዚያ ይደረደራል።

ውዳሴ ቁጢጥ ብላ ታያቸዋለች። «እማዬ፣ ይሄ በቀይ ክር የተሰፋው የማነው?»

«የእማማ አጸደ ነው።»

እማማ አጸደ ዓይናቸው ደክሟል፤ እግራቸውንም ያማቸዋል። ምርኩዛቸው «ቋ! ቋ!» ሲል መምጣታቸው ይታወቃል።

አንድ እሑድ መምህር ኤርሚያስ ሕፃናቱን ሰበሰቡ። «እግዚአብሔር ለእያንዳንዳችን ስጦታ ሰጥቶናል። ሌላውን ሰው የምንረዳበት ነው» አሉ።

ውዳሴ እጇን አወጣች። «የኔስ የት አለ?»

«ፈልጊው» አሏት።

ፈለገችው። ከበሮ ልትመታ ሄደች። ድም! ድም! ከበሮው ከእሷ ይበልጣልና ይዟት ተንከባለለ።

«እዚህ የለም» አለች።

ልትዘምር ሄደች። ሁሉም ዘምሮ ሲጨርስ እሷ ገና ትጀምራለች።

«እዚህም የለም» አለች።

ለዘማሪዎቹ ውሃ ልታድል ሄደች። ቸፍ! የመምህር ኤርሚያስ ነጠላ ራሰ።

«እዚህማ ጭራሽ የለም» አለች።

ውዳሴ ከፋት። «እማዬ፣ እግዚአብሔር እኔን ረስቶኝ ይሆን?»

«እሱ ማንንም አይረሳም» አለች እናቷ። «አንቺ ብቻ መጠየቅሽን አታቁሚ።»

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴው ሳያልቅ ዝናብ መጣ። ዷ! ዷ! ዷ!

መምህር ኤርሚያስ ወደ ደጃፉ ሮጡ። ጫማው ሁሉ እንዳይረጥብ እያፈሱ መጠለያው ሥር ከመሩት። ደግ ነገር አሰቡ፤ ግን ጉድ ፈላ።

ሰው ሲወጣ ቀኙ ጫማ ከግራው ተለያይቷል። አንዱ የሌላውን ይስባል። አንድ ሰውዬማ ሁለት ግራ ጫማ አድርጎ ቆሟል።

እማማ አጸደ ዳር ላይ ይጠብቃሉ። «ባለፈው ጫማዬ ጠፍቶ በባዶ እግሬ ሄጄ ታመምኩ» አሉ። «ዛሬም ከጠፋ፣ ከእንግዲህ መምጣቴን እንጃ።»

ውዳሴ ክምሩን አየች። አንድ ጫማ አነሳችና፣ «ይሄ የማነው?» አለች።

ወዲያው ራሷ መለሰች። «የጋሽ ዘውዴ ነው! ይሄስ? የእትዬ ብርቄ!»

እያነሳች ለባለቤቱ ሰጠች። ክምሩ አነሰ፣ አነሰ፣ አነሰ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ጥቁር ጫማና አንድ የእማማ አጸደ ጫማ ብቻ ቀሩ።

ሁለተኛው የእማማ አጸደ ጫማ ግን የለም።

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ፈለገ። ውዳሴ የሰዎቹን እግር ማየት ጀመረች።

የመምህር ኤርሚያስ ተረከዝ ከጫማቸው ውጪ ቀርቷል። ያ ጫማ ደግሞ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

«መምህር፣ ይሄ የማነው?»

መምህር ወደ እግራቸው አዩ። «ወይ ጉዴ፣ የኔ አይደለም» አሉና አወለቁት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

«የእርስዎ ይኸውልዎት» ብላ ትልቁን ጥቁር ጫማ ሰጠቻቸው።

ከዚያ ተንበረከከችና ለእማማ አጸደ ጫማቸውን አጠለቀችላቸው።

«እደጊልኝ፣ የኔ ዓይን» አሉ እማማ አጸደ፤ ግንባሯንም ሳሟት። «የሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ። ጫማዬን የምሰጠው ላንቺ ነው።»

ቋ! ቋ! እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ማታ እናቷ ብርድ ልብስ አለበሰቻት። «ውዳሴ፣ መምህር ፈልጊው ያሉሽ ስጦታ ተገኘ?»

«ተገኘ።»

«የማነው?»

ውዳሴ አዛጋች። ዓይኗ ሊከደን ምንም አልቀረውም።

«የኔ ነው» አለች። «ግን የእማማ አጸደም ነው።»