የአባዬ ግዝት

«አንድም ቀን አላመለጣችሁም» አለች ዶክተር ለሊሴ ካርዱን እያየች። «ጎበዝ ነሽ ነአምን። ግን አባቴ፣ የአንገትዎ እብጠት ጨምሯል። በደንብ እየወሰዱት ከጨመረ ኪኒኑ አልሠራም ማለት ነው። እናቆመዋለን።»

ነአምን አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ቄስ ወልደ ሐዋርያት ወለሉን ነበር የሚያዩት።

የሊምፍ ካንሰር እንዳለባቸው ሲነገራቸው፣ የሚዋጥ ኬሞ ታዘዘላቸው። እናቷ በሕይወት ስለሌለች ኪኒኑ የተዋጠበት ቀን ምልክት የሚደረግበትን ካርድ የተረከበችው እሷ ናት። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ኪኒኑን ከቁርሳቸው ጋር ታቀርባለች፣ ራይት ታደርጋለች፣ ቁልቁል ወደ ታክሲ ትሮጣለች። ሁዳዴ ሲገባ ግን ቁርስ ቀረ። አባቷ እንጦጦ ላይ በየቀኑ ይቀድሳሉ፤ ቅዳሴው የሚያልቀው ከሰዓት ነው። «ስመለስ እውጠዋለሁ፣ አንቺ ምልክትሽን አድርጊ» አሏት። አመነቻቸው።

ባለፈው እሑድ መደርደሪያ ስትወለውል፣ በወረቀት የተጠቀለሉ ኪኒኖች አገኘች። አንዱም አልተዋጠም። የሁዳዴው ራይት ሁሉ ፌክ ነበር።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ያስመልሰኛል ልጄ። ቆርቤ ባስመልስ ምን ይውጠኛል?»

«ለዶክተሯ ንገራታ!»

«ቅዳሴውን ተው ነው የምትለኝ። እሱን ከተውኩ ምን ቀረኝ?» ድምፃቸው ተሰበረ። ከዚያ መስቀላቸውን አነሡ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ገዝቼሻለሁ።»

ሌላ ልጅ ቢሆን ይስቅ ይሆናል። ነአምን ግን የቄስ ልጅ ናት። በግዝት የታሰረ ቃል ሲጣስ ሰፈሩ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ እያየች ነው ያደገችው።

አሁን ዶክተሯ ኪኒኑ መቆሙን ልትጽፍ እስክሪብቶ አንሥታለች።

«ሌላ መድኃኒት አለ?» አለች ነአምን።

ዶክተር ለሊሴ እስክሪብቶዋን ካርዱ ላይ አሳረፈች። «ተስፋ ያደረግነው በዚህኛው ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ነአምን እጇን ዘርግታ ካርዱን ወሰደች።

«አልዋጠውም። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ አንድም አልዋጠም። ምልክቱን ዝም ብዬ ነው ያደረግኩት።»

የአባቷ እጅ በጋቢው ሥር መስቀሉን ጨብጧል። ሊቆጧት አፋቸውን ከፈቱ፤ እንባቸው ግን ቀደመ። አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም፤ እናቷ የሞተች ቀን እንኳ።

«አባዬ» አለች እሷም እያለቀሰች፣ «ከግዝቱ ባትፈታኝም ግድ የለም። አንተ ብቻ አትሙትብኝ።»

ከዚያ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና፣ ከሁዳዴ መጀመሪያ ቀን አንሥታ ምልክቶቹን አንድ በአንድ መሰረዝ ጀመረች።