ጠፍጣፋው ጥላ

ሰውየው ሳንቲሙን ጨርቁ ላይ አኖረ።

የሱፍ አጉሊ መነጽሩን አስጠጋ። ሦስት ዓመት በመካው ሚስፈላ ሰፈር የአሮጌ ሳንቲም ነጋዴ መስሎ ኖሯል። የሚጠብቀው መልእክተኛ የምስጢር ስሙ «ድንኳን» ነው፤ መታወቂያውም ፊደሎቹ ድርብ ሆነው የወጡበት የሳዑዲ ሃምሳ ሃላላ ሳንቲም። ሳንቲሙን ላሳየ ሰው የሱፍ ትሁት የተደበቀችበትን ቤት ይነግራል። ትሁት የቤት ሠራተኞችን የሚሸጡትን ሰዎች በስም የምታውቅ ብቸኛ ምስክር ናት።

«ያላ ወንድም! ሳንቲም ነው እንጂ አልማዝ አይደለም።»

«ዓይኔ ደክሟል፤ ታገሠኝ።»

ሳንቲሙን ወደ ብርሃን አዘነበለ። እውነተኛው ስሕተት ከማተሚያው ቅርጽ ይወለዳል፤ ሁለተኛው ፊደል እንደ መጀመሪያው ከፍ ብሎ፣ ክብ ትከሻ ይዞ ይቆማል። ይህኛው ጠፍጣፋ ነበር። ማተሚያው ሲንሸራተት ከፊደሉ ጎን የላጠው ደረጃ ብቻ ነው። ፊደሉን አቀጠነው እንጂ አልደገመውም።

ሰውየው ድንኳን አይደለም።

የሱፍ ፈገግ አለ።

«ትክክል ነው። ጅዳ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ አረንጓዴው በር።»

ሰውየው እንደወጣ የሱፍ ሱቁን ዘጋ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ጅዳ ደርሶ ትሁትን ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጓዳ አውጥቶ መኪናው ውስጥ አስቀመጣት።

ስልኩ ጮኸ። ኢያድ ነበር፤ ለሥራው የመለመለው አለቃው፣ በወረቀትም ከፊሉ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ዋስ።

«ልጄ፣ ምን አደረግህ? አረንጓዴው በር ባዶ ነው!»

ያን በር የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ለሰውየው ሳንቲሙን የመረጥህለት አንተ ነህ።»

«ድርብ ነው ወላሂ! በዓይኔ አይቻለሁ።»

«በዓይንህ ብቻ። ድንኳንስ?»

«የራሱን ሳንቲም ባሕር ውስጥ ወረወረው፤ ግትር! አላህ ይዘንለት።»

የሱፍ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደ አገሩ ቆንስላ ነዳ። ያ ድምፅ ለአሥር ዓመት ምክር ሰጥቶታል።

«ኢቃማህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ፣ በስሜ ነው» አለ ኢያድ። «ልጅቷን አምጣ፤ አለዚያ ከከፊሉ ጠፋ ብዬ ሁሩብ አስገባብሃለሁ።»

ሁሩብ የገባበት ሰው ይባረራል። እዚያው መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ያሉትን እናቱን ዳግም አያያቸውም።

«አስገባ።»

መስመሩን ቆርጦ መኪናውን አቆመ።

«ጋሼ፣ ተያዝን እንዴ?» አለች ትሁት።

«አልተያዝንም። ያ የቆንስላው በር ነው። ስሞቹን ሁሉ አስጽፊ።» ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጣት። «ይህንንም ጨምሪበት።»

ወረቀቱ ላይ የኢያድ ሙሉ ስም ነበር።

«የአንተንስ ስም ማን ልበል?»

«አላየሽኝም።»

በሩ ተከፈተ። ገባች። ተዘጋ።

በሳምንቱ የሱፍ ወደ አገራቸው በሚባረሩ ተመላሾች ሰልፍ መካከል በፕላስቲክ ጫማ ቆሞ ነበር።

«ሥራህ ምን ነበር?» አለው ከኋላው የቆመ።

«ጫኝ።»

«እንደኔው በለኛ።»

ጣቱን የአሻራ መሣሪያው ላይ ጫነ። መኮንኑ ቀና ሳይል የሚቀጥለውን ጠራ።