ተራ ቁጥር ሠላሳ ስምንት

ጥር 20 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ መምህር ቴዎድሮስ፣ ስም የምትጽፈው ይታይሽ፣ ስም የምታነብላት ብርቱካን፣ እና ማንም ሳይጠራው የመጣው ጌዲዮን። ወዲያው ሦስት ሆኑ። መምህር ቴዎድሮስ ለመሸኛ ደብዳቤው ማኅተሙን ከርዕሰ መምህሩ ቤት ሊያመጡ ተነሡና በሩ ላይ ቆም ብለው ላፕቶፑን በጣታቸው ጠቆሙ።

«ይታይሽ፣ ባትሪው አርባ አንድ ነው። መብራት እንደሁ ከትናንት ወዲያ እንደ ሄደ ቀርቷል። ስመለስ አርባ ሦስቱም ስም አልቆ ላግኘው። ስምንት ሰዓት ላይ ፍላሹን ይዤ ካልተነሣሁ በእግሬ መካነ ኢየሱስ ከተማ አልደርስም፤ የወረዳው ትምህርት ቢሮ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።»

«እሽ ቲቸር።»

«ነገ አስተርእዮ ማርያም ናት፤ ማንም ቁጭ ብሎ አይጠብቀንም። ዛሬ ያልገባ ስም ፈተና የለውም። ገባሽ?»

ገብቷታል። የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ተመዝጋቢዎች ዝርዝር ዘንድሮ በኮምፒውተር ተጽፎ እንጂ በእጅ ተጽፎ አይገባም ተብሏል። ትምህርት ቤቱ ያለው ላፕቶፕ ደግሞ ይኸው አንዱ ነው። ከተማሪዎቹ መካከል መተየብ የምትችለው ይታይሽ ብቻ ናት፤ ባለፈው ክረምት መካነ ኢየሱስ ሄዳ አክስቷ የኔነሽ ዘንድ፣ በፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ ስትለምድ ከርማለች።

ጌዲዮን ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

«አንተ፣ ማጅራቴ ላይ አትተንፍስብኝ» አለችው። «ስምህ ሠላሳ ስምንተኛ ነው። ገና ነው። ውጭ ጠብቅ።»

«እዚሁ እጠብቃለሁ።»

«ሙሽራ ነው እንዴ፣ ስሙ እስኪጠራ ቆሞ የሚጠብቀው?» ብላ ብርቱካን ሳቀች።

«አምና ውጭ ጠብቄ አይቻለሁ» አለ ጌዲዮን።

ብርቱካን ሳቋን ዋጠች። አምና ዝርዝሩ በእጅ ሲገለበጥ የጌዲዮን ስም ተዘለለ። ማን እንደዘለለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። የክፍል ጓደኞቹ ፈተና ሲቀመጡ እሱ አጥሩን ተደግፎ ሲያያቸው ዋለ። ዘንድሮ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ስምንተኛን ደግሞ ከታናናሾቹ ጋር ይማራል። ዛሬ የመጣው ስሙ ሲጻፍ በዓይኑ ሊያይ ነው።

የቢሮው ቆርቆሮ ጣሪያ በቀትር ፀሐይ እየተንጣጣ ነበር። የይታይሽ እህት እሁድ ታገባለች። ለሠርጉ ጠጉሯ እንዲለዝብ እናቷ ጠዋት አንድ እፍኝ ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ ጣል አድርጋ በሻሽ አስራላታለች። ጠዋት ሲበርዳት የነበረው ራሷ አሁን ሞቆ ያሳክካታል።

«አሥራ ዘጠኝ» አለች ብርቱካን ወረቀቱን በጣቷ ይዛ። «አሰለፈች ታረቀኝ።»

ይታይሽ ጎንበስ አለች። ያን ጊዜ ከግንባሯ አንድ ጠብታ ወረደና ቁልፎቹ ላይ ጠብ አለ። ላብ መሰላት። አልነበረም፤ ወፍራምና ብጫ ነበር። ብርቱካን ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሣችም፤ ጌዲዮን መስኮቱን ሊከፍት ሄዷል። ይታይሽ በነጠላዋ ጫፍ ቶሎ ጠረገችው። እንደ ጠረገችው መስሏት እንጂ ወደ ውስጥ ነበር የገፋችው።

ኤ የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ቁልፍ ነካችው። አልጻፈም። እንደገና ነካችው። ሰጥሞ ቀረና ቀስ ብሎ ተነሣ፤ አሁንም አልጻፈም።

«ምን ሆነሽ ነው? አሰለፈች ነው እኮ ያልሁሽ።»

«ኤ እምቢ አለኝ።»

«ሌላ ፊደል ተጠቀሚያ!»

«አንች ደግሞ! ኤ ከሌለ አ የለም። ባም የለም፣ ታም የለም፣ ካም የለም። ራብዕ የሚባለው ሁሉ የሚወጣው በእሱ ነው።»

ሦስቱም ዝርዝሩን ተመለከቱ። ከቀሩት ሃያ አምስት ስሞች ውስጥ፣ ከነአባታቸው ሲነበቡ፣ ያለዚያ ቁልፍ የሚጻፍ አንድም አልነበረም።

«አጥፍተሽ አብሪው» አለ ጌዲዮን።

እስካሁን የጻፈችውን አስቀምጣ አጠፋችው። እስኪበራ ድረስ የአንድ ቀን ያህል ረዘመባቸው። ሲበራ ባትሪው ሠላሳ አምስት ሆኗል። ኤ አልሠራም። ብርቱካን ጉንጯን ነፍታ እፍ አለችበት። አልሠራም። ላፕቶፑን ገልብጠው እንደ ወንፊት ቀስ ብለው ነቀነቁት፤ የቾክ ብናኝና አንዲት የሞተች ጉንዳን ወደቁ እንጂ ኤ አልተመለሰም። ይታይሽ ቁልፉን በአውራ ጣቷ አጥብቃ ጫነችው። ብርቱካን ለሥላሴ ተሳለች።

«ስለት ሰምቶ የሚጽፍ ቁልፍ አይቼ አላውቅም» አለ ጌዲዮን።

«ታዲያ አንተ ምን ታመጣለህ?»

ጌዲዮን በአንገቱ ማተብ ላይ ያንጠለጠላትን ወረንጦ አወጣ። «እሾህ የገባበትን እግር ላዩን ብታሽው ያብጣል እንጂ አይወጣም። ሥሩን ነው ማየት። ቁልፉን ልንቀለውና ከሥሩ ያለውን ልይ።»

«ቢሰበርስ?» አለች ይታይሽ።

«ሳይሰበርስ መች ሠራ?»

ባትሪው ሠላሳ ሆኗል። ይታይሽ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። ጌዲዮን የወረንጦዋን ጫፍ ከቁልፉ ጎን አስገብቶ ትንፋሹን ይዞ አነሣው። ቁልፉ ጠቅ ብሎ ወጣና መዳፉ ላይ ወደቀ። ከሥሩ ያለው ቦታ ያብለጨልጫል። በወረንጦዋ ጫፍ ነካ አድርጎ ወደ አፍንጫው አስጠጋት። ከዚያ ቀና ብሎ የይታይሽን ሻሽ አየ፤ ከሻሹ ሥር በግንባሯ ላይ የወረደውንም መስመር አየ።

ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው።

መምህር ቴዎድሮስ በአንድ እጃቸው ማኅተሙን እንደ ያዙ ቆሙ። ያዩት ወረንጦዋንና በጌዲዮን መዳፍ ላይ ያለውን ቁልፍ ነው።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ!»

«ቲቸር፣ አልሠራ ብሎ…»

«እሱ ነው የነቀለው!» አለች ብርቱካን፤ ድምፅዋ ከምትፈልገው በላይ ጮኸ። «ቢሰበርስ ብለነው ነበር!»

«ከመንቀሉ በፊት ይሠራ ነበር?»

ብርቱካን ይታይሽን አየቻት። ይታይሽ ጠረጴዛውን አየች።

«ይሠራ ነበር» አለች ብርቱካን። «እሱ ሲነካካው ነው።»

ጌዲዮን ይታይሽን ብቻ አየ። ይታይሽ ሻሿን ወደ ግንባሯ ዝቅ አደረገች።

«ፈርሜ የተረከብሁት ዕቃ ነው!» አሉ መምህሩ። «በዚህ ቀን! በዚህ ሰዓት! ውጣልኝ። አባትህን ይዘህ ሳትመጣ ስምህ አይጻፍም።»

«አባቴ ለዜማ ትምህርት ቤተ ልሔም ገዳም ናቸው፣ ቲቸር። ድጓ ሊያስመሰክሩ ከሄዱ አራት ወራቸው። ዛሬ በምን አድርጌ ነው የማመጣቸው?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ውጣ!»

ጌዲዮን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ፣ ፊደሉ ወደ ላይ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ አስቀመጠውና ወጣ። ብዙም አልራቀም። በመስኮቱ በኩል ባንዲራው እንጨት ሥር ቁጭ ሲል ታየ።

መምህር ቴዎድሮስ ቁልፉን ወደ ቦታው ሊመልሱት ሞከሩ፤ አልገባም። ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጎማ በብዕር ጫፍ ተጫኗት፤ አልጻፈችም። ተቀመጡና ግንባራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አርባ ሦስት ልጅ» አሉ ለራሳቸው። «ለወላጆቻቸው ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?»

ብርቱካን ወደ ይታይሽ ጆሮ ተጠጋች። «አይዞሽ። ዝም በይ በቃ። አንች ሰበርሽው ቢሉ እናትሽን ያስጠራሉ። በሠርጉ ሳምንት!»

ስለ ቅቤው ብርቱካን አታውቅም። እሷ ጓደኛዋን ከጣጣ ያዳነች መስሏታል። ይታይሽ ራሷ እንደ ምጣድ ግሏል። ከሻሹ ሥር ሌላ ጠብታ ሲወርድ ተሰማትና በእጅጌዋ አደረቀችው። ባትሪው ሃያ አራት ሆኗል።

በመጨረሻ ትዝ ያላት የአክስቷ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። አንድ ቁልፉ ተበልቶ አልቆ ነበር፤ አክስቷ የኔነሽ ግን ሥራ አልፈታችም።

«ቲቸር» አለች። «ፊደሎቹ ስክሪኑ ላይም አሉ።»

«የምን ስክሪን?»

«በሥዕል። አክስቴ ስትከፍተው አይቻለሁ። ቀስቱን ወስዶ ሥዕሉን መንካት ነው።»

«ክፈችዋ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

የት እንዳለ አታስታውስም። አንዱን ከፈተች፤ ሰዓት ማስተካከያ ነው። ሌላውን ከፈተች፤ ካልኩሌተር ነው። ስትቸኩል ቀስቱ ከሚፈለገው ቦታ እያለፈ ይሄዳል። ሃያ ሁለት። ሃያ አንድ። በስድስተኛው ሙከራ የቁልፎቹ ሥዕል ስክሪኑ ግርጌ ላይ ተዘረጋ። ቀስቱን ኤ ላይ አሳርፋ ነካችው። አ ተጻፈ።

«ተመስገን!» አሉ መምህር ቴዎድሮስ፤ ጠረጴዛውን መታ አደረጉት። «አንብቢ፣ ብርቱካን! ቶሎ!»

ሌላውን ፊደል በእጇ፣ ኤን በቀስት እየጻፈች ቀጠለች። ሥራው እንደ ጭቃ መንገድ ነው፤ አንድ እግር ሲነሣ ሌላው ይሰምጣል። ሃያ ሰባተኛው ስም ላይ ባትሪው አሥራ ሰባት ነበር። ሠላሳ ሦስተኛው ላይ የራሷ ስም መጣ። ይታይሽ። ብርቱካን በክርኗ ጎሸም አድርጋት ፈገግ አለች። ይታይሽ ስሟን ጽፋ ስትጨርስ ደስታ ይሰማኛል ብላ ጠበቀች፤ አልተሰማትም። አሥራ ሁለት።

«ሠላሳ ሰባት» አለች ብርቱካን። «ገብሬ አማረ።»

ጻፈችው።

«ሠላሳ ስምንት። ጌዲዮን አስ…» ብርቱካን ወደ መምህሩ ዞረች።

«እሱን ዝለሉት» አሉ መምህር ቴዎድሮስ ሰዓታቸውን እያዩ። «ሠላሳ ዘጠኝን አንብቢ።»

«ጎሹ ታከለ።»

ይታይሽ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። ባትሪው ዘጠኝ ነው። በመስኮቱ በኩል ጌዲዮን ይታያል፤ ፀሐይዋ ጥላውን አሳጥራበት፣ ጉልበቱን አቅፎ ወደ ቢሮው ይመለከታል። አምናም እንዲህ ሆኖ ይሆናል ብላ አሰበች። አምናም አንድ ሰው በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሠላሳ ሰባትን ጽፎ ወደ ሠላሳ ዘጠኝ አልፎ ይሆናል። ምናልባት ደክሞት። ምናልባት ፈርቶ።

«ጎሹ ታከለ አልሁሽ እኮ» አለች ብርቱካን።

ይታይሽ እጇን ከላፕቶፑ አነሣች። ሻሿን ፈታችው። የቀለጠው ቅቤ በጆሮ ግንዷ ወርዶ አንገቷ ላይ ደረሰ።

«ቲቸር፣ ያን ቁልፍ ያሽትቱት።»

«ምን አልሽ?»

«ከሥሩ በኩል። ያሽትቱት።»

«ይታይሽ፣ ዘጠኝ በመቶ ነው የቀረን! አሁን ቀልድ…»

«ቅቤ ነው፣ ቲቸር። ከኔ ራስ ነው የወረደው። ጌዲዮን ሳይነካው በፊት ነው የሞተው። የነቀለው ሊያድንልን ነው።» አንገቷን በሻሹ ጠረገች። «ቅቤውን አይቶታል። አልተናገረብኝም።»

«ይታይሽ…» አለች ብርቱካን፤ ወረቀቱ እጇ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

መምህር ቴዎድሮስ ቁልፉን አንሥተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ እሷን አዩ። ምን እንደሚሉ ለመስማት አልጠበቀችም። ባትሪው ስምንት ሆኗል። ፊቷን ወደ ላፕቶፑ መለሰችና መጻፍ ጀመረች። ጌዲዮን ብሎ ለመጻፍ ኤ አያስፈልግም፤ በእጇ ብቻ ጻፈችው። የአባቱ ስም ላይ ስትደርስ ቀስቱን ሁለት ጊዜ አመላለሰችው። አስማረ።

«ሠላሳ ዘጠኝ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ብርቱካን ጎሹ ታከለን እንደገና አነበበች።

ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ላይ አርባ ሦስቱም ስም ፍላሽ ውስጥ ገባ። ላፕቶፑ ሁለት በመቶ ላይ ጠፋ። መምህር ቴዎድሮስ ከባንዲራው እንጨት ሥር ሄደው ጌዲዮንን አስነሡትና አብረው በእግራቸው ወደ መካነ ኢየሱስ ሄዱ፤ ፍላሹን የያዘው ጌዲዮን ነበር። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አስረከቡ። ይታይሽ ከዚያ ቀን በኋላ ላፕቶፑን እንድትነካ አልተፈቀደላትም። በሰኔ ጌዲዮን ፈተናውን ተቀመጠ።