የእማዬ ሕመም ስም አለው

«እሁድ ስብሰባው ላይ ተነሥተሽ ሂስ ታቀርቢባታለሽ» አላት በላይነህ፣ የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ሊቀ መንበር። የኪነት ቡድኑን ልምምድ ያስቆመው ለዚህ ነበር።

«በማን ላይ?» አለች ጽጌሬዳ።

«በእናትሽ ላይ ነዋ! የአዋሳ ሕዝብ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ሐይቁ ዳር ችግኝ ሲተክል እሷ ተኝታለች። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አዲስ አበባ የአሻጥረኛ ልጅ ይዤ አልሄድም። ሂሱን ካቀረብሽ ግን ነገሩ ይዘጋል፣ ትሄጃለሽ።»

የጽጌሬዳ ደም ፈላ። እናቷ አሻጥረኛ! ባለፈው ሐሙስ እትዬ እህተማርያም ቤት ለቅሶ ላይ ውሃ ስትቀዳ፣ ድስት ስትሸከም፣ ጎንበስ ቀና ስትል የዋለችው ማን ሆነና ነው? ለቅሶ ቤት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነውር ስለሆነባት ጥርሷን ነክሳ ዋለች እንጂ ጤና ኖሯት አልነበረም። ዓርብ፣ ችግኝ በተተከለበት ቀን፣ ማበጠሪያ ማንሣት እንኳ አቃታት። ሰፈሩ ግን ሐሙስን አየ፣ ዓርብን አላየም። «ለለቅሶ ትነሣለች፣ ለዘመቻ ትታመማለች» የሚለው ሐሜት ቧንቧው ጋ ተጀምሮ ቀበሌ ደረሰ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ያልደበቀውስ ምን አገኘ? ደም ታየ፣ ሽንት ታየ፣ ራጅ ተነሣ፣ መልሱ ሁልጊዜ «ምንም የለብሽም፣ አታስቢ» ነው። ምንም የሌለባት ሴት እንዴት ብርድ ልብስ ሲነካት ታቃስታለች?

በማግስቱ እናቷን እንደገና ሆስፒታል ስትወስዳት የተገኙት ዶክተር አምሳሉ ግን አልቸኮሉም። አንገቷን፣ ትከሻዋን፣ ጉልበቷን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ። በነኩት ቦታ ሁሉ እናቷ ተሸማቀቀች።

«ስም አለው» አሉ። «ፋይብሮማያልጂያ ይሉታል። ብዙ ሐኪምም ገና አላወቀውም።»

«ከምን ይመጣል?» አለች ጽጌሬዳ።

«መንሥኤው ተጣርቶ አልታወቀም። አጥንትም ሥጋም አልተበላሸም፤ ራጅ የማያየው ለዚህ ነው። ሕመምን የሚቀበለው የሰውነት ክፍል ከልክ በላይ ነቅቶ ይሆናል፤ ትንሹን ንክኪ እንደ ዱላ ይቆጥረዋል። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ደግሞ ያባብሱታል።»

እናቷ አቀረቀረች። የበኩር ልጇ ማቴዎስ ወደ ጦር ግንባር ከሄደ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አታውቅም።

«ታዲያ ‹ሐሳብ ነው› የሚሉት ልክ ናቸው ማለት ነው?» ጽጌሬዳ ቱግ አለች።

«አይደሉም! ሐሳብ ያባብሰው እንጂ ሕመሙ የእውነት ነው። እርስዎም እናቴ፣ በሻልዎት ቀን ያለ ልክ አይሥሩ፤ በማግስቱ ይጥልዎታል። ቀስ እያሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይራመዱ።»

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መፈክሩ እንዳበቃ በላይነህ ስሟን ጠራ። ጽጌሬዳ እየፈራች ተነሣች። ቢሆንም ከፊት የተቀመጡትን የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ እትዬ እህተማርያምን፣ ስታይ ንዴቷ ፍርሃቷን ዋጠው።

«ሂስ አለኝ። በእናቴ ላይ ግን አይደለም።»

አዳራሹ ተንጫጫ።

«እትዬ እህተማርያም፣ ያን ሐሙስ በሐዘንዎ ቀን እናቴ ስትለፋ አይተዋል። ዓርብ ከአልጋ መነሣት ሲያቅታት ግን እንዴት አደርሽ ብሎ ደጃችንን የረገጠ ሰው የለም። የታመመ መጠየቅ የቀረው ከመቼ ወዲህ ነው? ሕመሟ ስም አለው፣ ፋይብሮማያልጂያ ይባላል። ስሙ ከከበዳችሁ ‹ታማለች› በሉ፣ ይበቃል።»

እትዬ እህተማርያም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ተቀመጪ!» ጮኸ በላይነህ።

አልተቀመጠችም። የኪነት ቡድኑን ቀይ ሻርፕ ከአንገቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ እንባዋ መጣ። አዲስ አበባን አይታ አታውቅም ነበር።

ቤት ስትደርስ እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት።

«ሻርፕሽስ?»

«መለስኩት። ተነሺ እማዬ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ትንሽ እንራመድ።»

እናቷ ክንዷን ይዛ ተነሣች። ቀስ ብለው መንገዱ መታጠፊያ ጋ ደረሱ። ከአዳራሹ የድምፅ ማጉያው ይሰማል።

«ስብሰባው አላለቀም እንዴ?» አለች እናቷ ቆም ብላ። «በጓሮው መንገድ እንሂድ፣ ሰው ያየናል።»

ጽጌሬዳ እርምጃዋን በእናቷ እርምጃ ልክ አሳጠረች።

«በአዳራሹ ፊት ለፊት ነው የምናልፈው» አለች።