ከእማማ ፀሐይወርቅ ጣሪያ በላይ

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ ፀሐይወርቅ» አለ ወጋየሁ፣ በድንኳኑ መሃል፣ ያ ሁሉ ለቀስተኛ እያየው። ጉልበታቸውን ሊነካ ጎንበስ ሲል የኮቱ ጀርባ ወደ ላይ ተሰበሰበ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ማጥፋት ነበረብኝ፤ ሳላጠፋ ወጣሁ።»

ልጁ ውዳሴ የውሃ ጆግና ብርጭቆ እንደያዘች ምሰሶው አጠገብ ደርቃ ቀረች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ተነስ አንተ! ተነስ እንጂ!» አሉ እማማ ፀሐይወርቅ ክንዱን ይዘው ወደ ላይ እየጎተቱ። ሲያለቅሱ አድረው ድምፃቸው ተዘግቷል። «መብራቱ ያመጣው ነው። አንተ ምን አደረግህ?»

ከጎናቸው የተቀመጡት የእድሩ ዳኛ ግን ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ቢሆንም…» አሉ። ወጋየሁ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቦታው የተመለሰው በዚችው «ቢሆንም» ነው። ውሃ እንዲቀዳለት እንኳ ቀና ብሎ ልጁን አላያትም።

እውነቱን የምታውቀው ውዳሴ ነበረች። በዚህ ነገር ውስጥ ምስኪኑ መብራት እጁ የለበትም።

በእነ ውዳሴ ቤት፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሰው እኩል የሚከበሩ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ቆመዋል። ቁመታቸው እስከ ውዳሴ ደረት ይደርሳል። ወጋየሁ ድሮ በሾፌርነት ያገለገላቸው አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሰጡት ናቸው፤ ያኔ ውዳሴ ገና አልተወለደችም። በእነሱ የተነሳ ሳሎኑ ውስጥ ቡፌ አልገባም። ሶፋውም ከግድግዳው ርቆ መሃል ላይ ስለተቀመጠ፣ እንግዳ ሲመጣ ሶፋውን ዞሮ ነው ቦታ የሚይዘው። እናቷ አንድ ቀን ዳንቴል አልብሳ የአበባ ማስቀመጫ ብትጭንባቸው ቤቱ ውስጥ ጦርነት ሊነሳ ምንም አልቀረውም ነበር።

የሰፈሩ ልጆች «የእነ ውዳሴ ሞንታርቦ» ይሏቸዋል። ወጋየሁ ይቺን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። «ሞንታርቦ የሠርግ ድንኳን ነው የሚፈልገው። ይሄ የሚደመጥ ነው፣ የሚጮህ አይደለም!»

እውነቱን ነው፤ እሱ ቤት ጮኸው አያውቁም። ድምፁ ወለሉን አልፎ እታች ያሉትን እማማ ፀሐይወርቅን እንዳይረብሽ ብሎ ከስራቸው የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ አንጥፎላቸዋል፤ ከላዩም ምንጣፍ። ቅዳሜ ከሰዓት ቀስ አድርጎ ይከፍትና ሶፋው መሃል ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ደረጃ ላይ እማማን ባገኘ ቁጥር ደግሞ «እትዬ፣ አልረበሽኩዎትም?» ሳይል አያልፍም። በዚህ ሕንፃ ውስጥ «እንደ ወጋየሁ ያለ ጨዋ ጎረቤት» የተባለው በከንቱ አልነበረም።

አርብ ዕለት የመጨረሻው ፈተና አለቀ። ውዳሴ ከጓደኞቿ ከሶሬቲና ከቴዎ ጋር ወደ ቤት መጣች። እናቷ ላፍቶ ሱቋ ውስጥ ናት፣ አባቷ ሥራ ላይ ነው። ቴዎ ስፒከሮቹን ዞሮ ዞሮ አያቸውና ሳቀ።

«ይሄ ነገር ይሠራል ወይስ ለጌጥ ነው?»

«ይሠራል እንጂ! አባቴ ግን እንዲነካ አይፈልግም።»

«ውይ፣ አታካብጂ! አንድ ዘፈን ብቻ» አለች ሶሬቲ። «ፈተና ጨርሰን እንደ ለቀስተኛ እንቀመጥ እንዴ?»

ውዳሴ ፋራ መባል አልፈለገችም። አምፕሊፋየሩን አበራች፣ ስልኳን አገናኘች፣ አባቷ በነጭ እስክሪብቶ ምልክት ካደረገበት በላይ የድምፁን ቁልፍ አዞረችው። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። እንዴት ደስ እንዳላት! ለካ እነዚህ ነገሮች እንዲህም ይችሉ ኖሯል። ሦስቱም ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ይዘሉ ጀመር።

ሁለተኛው ዘፈን መሃል ላይ ከወለሉ በታች ድም፣ ድም፣ ድም የሚል መጣ።

«ሴትዮዋ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን እየደበደበች ነው!» አለች ውዳሴ እየሳቀች።

«እኛም እንመልስላታ!» አለ ቴዎና ወለሉን በተረከዙ ሦስት ጊዜ ረገጠው። ሶሬቲ ተከተለችው። ውዳሴም ረገጠች። ከታች እንደገና ተደበደበ፤ እነሱም እንደገና መለሱ። ውዳሴ ሆዷን ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። ቁልፉንም ትንሽ ጨመር አደረገችው።

ዘፈኑ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለችው ክፍተት ነው እሪታው የተሰማት።

አጠፋችው። ከደረጃው የጥበቃው የኮርሳ ድምፅ «ኧረ ሰው! ኧረ ጎረቤት ድረሱ!» እያለ ይጮሃል። በየፎቁ በሮች ተከፈቱ። ሰው ሁሉ ወደ እማማ ፀሐይወርቅ ቤት ሲሮጥ ሶሬቲና ቴዎ በግርግሩ መሃል ሹልክ ብለው ወጡ። ውዳሴ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ጀርባዋን አስደገፈችበት።

የሆነውን ሁሉ የሰማችው ማምሻውን ነው። እማማ ያሳደጉት ታናሽ ወንድማቸው ገብረ መድኅን ደሴ ከተማ ሞቶ ተቀብሯል። ዘመድ ተሰብስቦ፣ እንደ ወጉ በማለዳ፣ ጎረቤት ባለበት ሊያረዳቸው ነበር። እስከዚያው ግን አንዲት የአክስታቸው ልጅ የሰሙ መስሏት ደወለችና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለቻቸው። በዚህ ሰፈር ሰው እሪ ካለ ጎረቤት ድስቱን እሳት ላይ ትቶ ነው የሚወጣው። የእማማን እሪታ ግን በጊዜው የሰማ የለም፤ የእነ ውዳሴ ዘፈን ውጦት ነበር። ኮርሳ የውሃ ቆጣሪ ሊያይ ሲወጣ ነው ነጠላቸው ከራሳቸው ወልቆ ደጃፋቸው ላይ ወድቀው ያገኛቸው።

ወጋየሁ እቤት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ገና ከታች ሰው ነግሮታል።

«ውዳሴ፣ ማን ነው የከፈተው?»

«እኔ እንጃ» አለች። ምላሷ እንዴት እንዲህ እንደፈጠነላት ራሷም ገረማት። «እኔ ስመጣ ሲጮህ ነው ያገኘሁት፤ አጠፋሁት። ምናልባት… ጠዋት መብራት ጠፍቶ አልነበር? ሲመጣ ራሱ ጀምሮ ይሆናል።»

ወጋየሁ ግንባሩን ያዘ። ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት በስፒከሮቹ ሬዲዮ እየሰማ ሳለ መብራት ሄዶበት ነበር። «ድምፁ ድንገት ሲጠፋ ቁልፉን ይሆን ብዬ አዙሬው ነበር» አለ ለራሱ። «መመለሴን… ማጥፋቴን እንኳ አላስታውስም። አይ ወጋየሁ! አይ አንተ ሰውዬ!» ውሸቱን ራሱ ሞልቶ፣ ራሱ አሳምሮ፣ ራሱ ተሸከመው። ውዳሴ ማድረግ የነበረባት ዝም ማለት ብቻ ነበር፤ ዝም አለች።

ሶሬቲ ማታውኑ «ማንም አያውቅም፣ አትጨናነቂ» ብላ ጻፈችላት። ውዳሴ አንብባ ስልኩን ትራሷ ስር ከተተችው።

እሁድ፣ የሰልስቱ ዕለት፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲበላ እናቷ ለእማማ አጥሚት ይዛ እንድትወጣ ላከቻት። እማማ ቤታቸው ውስጥ ፍራሽ ላይ ብቻቸውን አረፍ ብለው ነበር። ኩባያውን ተቀብለው አጠገባቸው ያለውን ቦታ መታ መታ አደረጉ።

«ቁጭ በይ እስቲ።»

ተቀመጠች። እማማ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩት። ነጩ ቀለም በመጥረጊያ እንጨት ተመትቶ ረገፍ ረገፍ ብሏል።

«እዚህ ስቀመጥ እኮ ሁላችሁንም አውቃችኋለሁ» አሉ። «አባትሽ ቀኝ እግሩን ጎተት ያደርጋል። እናትሽ ጥድፍ ጥድፍ ናት። አንቺ ደግሞ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ መራመድ አታውቂም፣ ትዘያለሽ።» ዓይናቸውን ከጣሪያው ወደ እሷ መለሱ። «አርብ ዕለት ሦስት ነበራችሁ።»

ውዳሴ ጆሮዋ እስኪግል ደሟ ወደ ፊቷ ሲወጣ ታወቃት።

«ለዘፈኑ ብዬ አልነበረም የደበደብኩት» አሉ እማማ፤ ቁጣ የሚባል ነገር በድምፃቸው ውስጥ የለም። «ዘፈኑንስ ማን ሰማው፣ የኔ ልጅ። ሰው ይምጣልኝ ብዬ ነው። ደረጃውን መውጣት አቃተኝ፣ እግሬ ከዳኝ። ስትመልሱልኝ ጊዜ፣ በቃ ሰምተውኛል፣ መጡልኝ ብዬ በሩን ከፍቼ ጠበቅሁ።»

በሩን ከፍተው ጠበቁ። ውዳሴ ያንን ሳቋን፣ ሆዷን ይዛ የሳቀችውን ሳቅ፣ አሁን ብታገኘው ባነቀችው ነበር።

«ለአባዬ… ለምን አልነገሩትም?» አለች በመጨረሻ።

«ምን ብዬ? ልጅህ ብዬ? በሐዘኔ ላይ የሰው ቤት ላምስ?» አጥሚቱን ፉት አሉ። «እኔ የማልናገረው የኔ ስላልሆነ ነው።»

ውዳሴ ለእማማ «ይቅርታ» አለቻቸው። እሳቸው ራሷን ዳሰስ አደረጓትና «ሂጂ፣ ሰው ውሃ ይጠማዋል» አሉ።

ሰኞ ከሰዓት ወጋየሁ አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ነቀለ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየጠቀለለ በላስቲክ ያስራል። ሐና ማርያም የሚኖረው ጓደኛው በንቲ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። በንቲ እዚያው ተወልዶ ያደገ የገበሬ ልጅ ነው፤ ዛሬም ከግቢው ላሞች አልጠፉም።

«ወጌ፣ ኧረ ተው። እኔ ዘፈን በሬዲዮ ይበቃኛል። ከወር በኋላ ታዝናለህ።»

«ግቢህ ሰፊ ነው፣ ሰው አይረብሽም» አለ ወጋየሁ ሳያየው። «ጎረቤቴ ወንድሟ ሞቶባት ብቻዋን ስታለቅስ የኔ ቤት ይጨፍራል። ከዚህ በኋላ በየት አፌ ነው አልረበሽኩዎትም ወይ የምላቸው? ስፒከሮቹን እዚህ ቆመው ሳያቸው ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ያዝ፣ በዚያ በኩል ያዝ።»

«አባዬ» አለች ውዳሴ።

«አንቺ ስፖንጆቹን ያዢልኝ።»

ያዘቻቸው። ስፖንጆቹ በዓመታት ክብደት ተጨፍልቀው የስፒከሮቹን ቅርጽ ይዘዋል። ሁለቱ ሰዎች የመጀመሪያውን ስፒከር ተሸክመው፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ ግድግዳውን እንዳትነካው» እየተባባሉ ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። እሷም ከኋላ ከኋላ ተከተለች። ከላይ፣ እቤታቸው ውስጥ፣ ማንም ሳይሰማ ልትነግረው ትችል ነበር። ሦስቱንም ቀን ትችል ነበር። ሁሌም ግን «ሲበላ እነግረዋለሁ፣ ሲያርፍ እነግረዋለሁ» እያለች እዚህ ደረሰች።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ የእማማ ፀሐይወርቅ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰው አሁንም ለማስተዛዘን ይመጣል፤ ዛሬ የእድሩ ዳኛና ጥቂት የሕንፃው ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስፒከሩ በደጃፉ ሲያልፍ ወሬው ቀዘቀዘ። ወጋየሁ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። የአባቷን አንገት ከኋላ አየችው፤ ቅዳሜ ድንኳኑ ውስጥ ያየችው ያው የተደፋ አንገት ነው። እዚያ ያ ሁሉ ሰው ፊት ነበር የተደፋው። ለብቻው፣ በጆሮው ብትነግረው ቀና አይልም።

እማማ ፀሐይወርቅ ከፍራሻቸው ላይ ሆነው አዩዋት። አልጠቀሷትም።

«አባዬ፣ አስቀምጡት» አለች።

«ከባድ ነው ልጄ፣ እታች ስንደርስ…»

«አሁን አስቀምጡት!»

በንቲ ደነገጠና በእሱ በኩል ያለውን ጫፍ አሳረፈ። ወጋየሁም አሳረፈና ላቡን በክንዱ እየጠረገ ዞረ። ውዳሴ ስፖንጆቹን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር።

«አርብ ዕለት አንተ አጥፍተኸው ነው የወጣኸው» አለች። «የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ወጋየሁ የሰማ አይመስልም። ከውስጥ፣ መስኮቱ ስር ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀች።

ውዳሴ ወደ ተከፈተው በር ዞረችና፣ መስኮቱ ስር ያሉትም፣ የእድሩ ዳኛም፣ ሁሉም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች።