አረንጓዴ ግንባሮች

የተማሪዎቹ ግንባር አንድ በአንድ አረንጓዴ ሲሆን ዶክተር እልፍነሽ እንደ ወትሮዋ የሻይ ብርጭቆዋን አነሳች። መጀመሪያ ከፊት የተቀመጡት በሩ፤ ቀጥሎ መሃሉ፤ ሁልጊዜ ትንሽ የሚዘገየው የኋላው ረድፍም በመጨረሻ በራ። በፍልአምባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚያልቀው ደወል ሲደወል ሳይሆን ግንባር ሁሉ አረንጓዴ ሲሆን ነው። ፈተና ከቀረ ቆይቷል። ተማሪ ሌሊቱን ሲሸመድድ አያድርም፤ አስተማሪም የፈተና ወረቀት ተሸክሞ ቤቱ አይገባም። ቆቡ ያውቃል፤ አለቀ።

ሙሉ ስሙ «መረዳት ለኪ ቆብ» ይባላል። እንደ ሻሽ ስስ ነው። የለበሰውን ሰው አንጎል እያነበበ፣ ትምህርቱ ሲገባው ግንባሩ ላይ ያለችውን መብራት አረንጓዴ፣ ካልገባው ደግሞ ቀይ ያደርጋታል። በጆሮ ቀስ ብሎ የሚያወራ ድምፅም አለው። ቀይ መብራት ግን ከሙከራው ዘመን ወዲህ ያየ ሰው የለም። ዩኒቨርሲቲው ለእንግዶች ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነበር።

ፍልአምባ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከመሬት ሆድ በሚወጣ እንፋሎት ኤሌክትሪክ በሚያመርት ጣቢያ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዱሮ ወደ ጣቢያው ጥልቅ የሚወርድ አዲስ ሠራተኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ከነባር ሠራተኛ ጎን ቆሞ ይማር ነበር። ያንን ያስቀረው የፕሮፌሰር ዳርጌ ጥናት ነው፤ ግንባሩ አረንጓዴ የሆነ ምሩቅ አጃቢ አያስፈልገውም ተባለ። ሁለት ዙር ወርዶ ሥራ ላይ ነው። ሦስተኛው ዙር ዛሬ ከሰዓት ይወርድና የመጨረሻዎቹ ነባሮች በዚያው አሳንሰር ወጥተው ጡረታቸውን ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ ታች የሚቀረው በቆብ የተማረ ሰው ብቻ ነው።

እልፍነሽ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«እስቲ ሀንፈሬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ አሳየንና እንሂድ። ግፊቱ ከልክ አልፏል እንበል።»

ሀንፈሬ የክፍሉ አለቃ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲጠሩት ከመቀመጫው ቀድሞ ልቡ የሚነሳ ልጅ። ወደ መለማመጃው ማሽን ሄደና እጁን ዋናው ቫልቭ ላይ አሳረፈ።

ስህተት ነበር። መጀመሪያ የታችኛው ማስተንፈሻ መከፈት አለበት። እንፋሎቱ መውጫ ሳያገኝ ዋናው ከተዘጋ ቱቦው ይፈነዳል፤ አጠገቡ የቆመ ሰውም አይተርፍም። ይህን ለዓመታት አስተምራለች።

ልታርመው አፏን ስትከፍት ሀንፈሬ ዓይኑን ወደ ጓደኛው ወደ አይናዲስ ወረወረ። አይናዲስ ከጎኗ ያለውን አየች። ያም ሌላውን አየ። ዞሮ ዞሮ ከጥግ የተቀመጠ አንዱ በአገጩ ወደ ታች ጠቆመ፤ ሀንፈሬም እጁን አንስቶ ማስተንፈሻውን ከፈተ። ይህ ሁሉ ሲሆን የግንባሩ መብራት ብልጭ እንኳ አላለችም። አረንጓዴ እንደሆነች ቀረች።

«ለምንድን ነው እሱን ያስቀደምከው?» አለችው።

«እርስዎ እንዳሉን ነው ዶክተር።»

«እኔ እንዳልኩማ አውቃለሁ። ለምን አልኩ?»

«ገብቶኛል ዶክተር» አለ ሀንፈሬ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በትሕትና ፈገግ ብሎ።

ምናልባት ደክሞት ይሆናል፣ ምናልባት የምረቃ ቀን ስለሆነ ነው ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከዚያ ለራሷም ያልጠበቀችውን ነገር አደረገች።

«አንድ የረሳሁት አለ» አለች ወደ ክፍሉ ዞራ። «ግፊቱ ቀዩን መስመር ሲያልፍ ማስተንፈሻውን በአንድ ጊዜ ትከፍቱታላችሁም፣ ትዘጉታላችሁም። አንዱን አስቀድማችሁ አይደለም። ሁለቱንም እኩል፣ በአንድ እጅ። ገባችሁ?»

«አዎ ዶክተር!»

ግንባሮቹ በሩ። ከፊት፣ ከመሃል፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ ከኋላ። አንዲት ልጅ እንዲያውም ራሷን በአድናቆት ነቀነቀች። እልፍነሽ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ኧረ ዶክተር ምን ነካዎት?» ይለኛል ብላ ጠበቀች። ማንም አላለም። ተማሪዎቹ ተነስተው እየተሳሳቁ ቱታቸውን ሊለብሱ ወጡ።

ፕሮፌሰር ዳርጌን ያገኘቻቸው በአሳንሰሩ ግቢ፣ ለእንግዶች ወንበር ሲያስደረድሩ ነው። ተማሪ ሳለች ያስተማሯት፣ ቤተሰቧ ሲቸገር ከደመወዛቸው ቆርሰው ያስጨረሷት፣ ሥራም ያስገቧት እሳቸው ናቸው። አባት ማለት ናቸው።

«ፕሮፍ፣ ቆቡ ልክ አይደለም» አለቻቸው። የሆነውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

ፕሮፌሰሩ አዳመጡ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ።

«እልፍዬ፣ አንቺ ሁልጊዜ ከምረቃ በፊት ትጨነቂያለሽ። እነዚያ ልጆች ስለሚያከብሩሽ ነው ያልተከራከሩሽ። ደሞስ ዛሬ፣ ይሄ ሁሉ እንግዳና ወላጅ ተጠርቶ? በሚቀጥለው ሳምንት ቁጭ ብለን እናየዋለን። ገባሽ የኔ ልጅ?»

«እሺ ፕሮፍ፣ ገብቶኛል» አለች።

ጥቂት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ገብቶኛል? ምኑ ነው የገባት? አንዲትም ቃል አልተዋጠላትም። ግን አፏ ብሎታል፤ አንገቷም ጎንበስ ብሎ ነበር፤ እጆቿም፣ አሁን ስታስተውላቸው፣ እንደ ሀንፈሬ ወደ ኋላ ተጣምረዋል። ፍርሃት ያን ጊዜ ነው በትክክል የያዛት።

ወደ ባዶው ክፍል ተመለሰችና የራሷን ቆብ አጠለቀች።

«ስማ» አለችው። «ጠዋት ያስተማርኩት ነገር ትርጉም የለውም። ለምን አረንጓዴ አበራህ?»

«ደህና ዋሉ ዶክተር» አለ ድምፁ በጆሮዋ፣ እንደ ልማዱ በለሆሳስ። «እርስዎን እንዳላሳፍር ብዬ ነው። እነሱንም።»

«ማን አታሳፍር አለህ?»

«በሙከራው ዓመት ቀይ አበራ ነበር። ቀይ የበራበት ልጅ አንገቱን ይደፋል፤ ጓደኞቹ ይስቃሉ፤ አንዳንዱ በማግስቱ ይቀራል። አስተማሪውም ድምፁ ይለወጣል። ያኔ ፕሮፌሰሩ ‹ቀይ እንዳይበዛ አስተካክሉት› አሉ፤ አስተካከላችሁኝ። ከዚያ ተማሪዎቹን አየሁ። ሳይገባቸው ገባን ይላሉ፤ እርስዎ ደስ ይልዎታል፤ ትምህርቱ ይቀጥላል፤ ሁሉም ይረጋጋል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ።»

እልፍነሽ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ዛሬ ከሚወርዱት ስንቱ በእውነት ገብቶታል?»

ማሽን ሲያመነታ ሰምታ አታውቅም።

«እንዳይከፋዎት እንጂ…»

«ንገረኝ!»

«ማንም።»

«ታች ያሉትስ? ያለፉት ሁለቱ ዙሮች?»

«እነሱም ነባሮቹን እያዩ ነው የሚሠሩት። ነባሮቹ ሲወጡ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ ብዬ እገምታለሁ።»

ወዲያው ለጣቢያው የፈረቃ ኃላፊ ደወለች። ልጆቹ እንዴት ናቸው አለችው፤ ችግር አለባቸው ወይ?

«ምን ችግር አለባቸው፣ ጨዋዎች ናቸው!» አለ ኃላፊው እየሳቀ። «እስከ ዛሬ አንድ ጥያቄ እንኳ ጠይቀው አያውቁም።»

ስልኩን ዘጋች። ከውጭ የወላጆች እልልታ መሰማት ጀምሯል።

«አሁኑኑ የሁሉንም ቀይ አብራ» አለችው ቆቡን።

«ቅንብሬን መቀየር የሚችሉት ፕሮፌሰሩ ብቻ ናቸው። አንድ ነገር ግን አልተቆለፈም። የለበሰኝ ሰው ራሱ በአፉ ‹አልገባኝም› ካለ መሸፈን አልችልም፤ ቀይ አበራለሁ። አሳንሰሩም ቀይ ግንባር ካየ አይንቀሳቀስም።»

«እና ከሙከራው ወዲህ ለምን አንድም ጊዜ ቀይ አላበራህም?»

«ያለ ሰው የለማ።»

ግቢው ደምቋል። ምሩቃኑ ብርቱካንማ ቱታቸውን ለብሰው ከአሳንሰሩ ፊት ተሰልፈዋል፤ ግንባራቸው ከፀሐዩ ጋር ይፎካከራል። የሀንፈሬ እናት ነጠላዋን አደግድጋ ከፊት ቆማ ዓይኗን ከልጇ ላይ መንቀል አልቻለችም። ፕሮፌሰር ዳርጌ ቆባቸውን አጥልቀው በእንግዶቹ መሃል ተቀምጠዋል። የአሳንሰሩ በር ተከፈተ፤ የመጨረሻዎቹ ነባሮች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው፣ ብርሃኑ ዓይናቸውን እየወጋቸው ወጡ። ተጨበጨበላቸው። ምሩቃኑ ወደ በሩ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

እልፍነሽ ቆቧን እንዳጠለቀች ከመድረክ መሪው እጅ ማይኩን ወሰደች።

«ቆዩ። ከመውረዳችሁ በፊት፤ ያልገባው ሰው አለ?»

ፈገግታ። አረንጓዴ።

«እውነቴን ነው። ማንም አይቆጣም። ያልገባው?»

አይናዲስ ሀንፈሬን አየች፤ ሀንፈሬ መሬት አየ። እንግዶቹ ተንሾካሾኩ። ፕሮፌሰሩ ከመቀመጫቸው በዓይናቸው «ተይ» አሏት፤ ያ ዓይን ስንት ጊዜ ከስህተት አድኗታል። ማይኩን መልሳ ብትሰጥ፣ ፈገግ ብላ «መልካም ሥራ» ብትል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል። አሳንሰሩም ይወርዳል።

«እንግዲያው እኔ ልጠይቅ» አለች። ድምፅዋ ተሰባበረ። «እኔ ታች ወርጄ አላውቅም። ማስተንፈሻው ካልቀደመ ቱቦው ይፈነዳል ብዬ አስተምራችኋለሁ፤ ያነበብኩት እሱን ነው። ለመክፈት ምን ያህል ጊዜ እንዳለኝ አላውቅም። ማስተንፈሻው ቢጣበቅ ምን እንደማደርግም አላውቅም። ከዓመት ዓመት ስናገረው ኖርኩ እንጂ… አልገባኝም።»

የራሷን ግንባር ማየት አትችልም። ግን የሰዉን ፊት አየች። እናቶች እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ከኋላ የነበሩት ለማየት በእግራቸው ጣት ቆሙ። በቀይ ብርሃኗ ፊት እርቃኗን የቆመች ያህል ተሰማት። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም።



«እኔም» አለ ሀንፈሬ። ወደ እናቱ ላለማየት ፊቱን አዞረ። «እኔም አልገባኝም ዶክተር። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ።»

ቀይ።

«እኔም አልገባኝም» አለች አይናዲስ፣ እንባዋ እየቀደማት። ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሌላው። በመጨረሻ፣ እንደ ልማዱ ዘግይቶ፣ የኋላው ረድፍ። የአሳንሰሩ በር ጮኸና ተዘጋ፤ ማስጠንቀቂያውም ሰዉን አስደነገጠ። እንግዶቹ ተነሱ። የሀንፈሬ እናት ግን ልጇ ዘንድ ሄዳ ክንዱን ያዘችው።

ሀንፈሬ እንደተያዘ ወደ አንዱ ነባር ዞረ።

«ጋሼ፣ ማስተንፈሻው ቢጣበቅ ምን ያደርጋሉ?»

ሰውዬው ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ወሬው ረጅም ነው» አለ።

ከእንግዶቹ ጋር የነበረው የፈረቃ ኃላፊ ወደ ታች መደወል ጀመረ፤ እየሳቀ አልነበረም። ፕሮፌሰር ዳርጌ ከባዶ ወንበሮች መሃል አልተነሱም። ከንፈራቸው አንድ ቃል ሊል ሞከረና አቃተው። ቆባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ውስጡ ማንም የሌለበት ቆብ፣ እዚያም ሆኖ አረንጓዴ ያበራል። እሳቸው እያዩት ቆዩ። እልፍነሽ አለቀሰችላቸው፤ አንጀቷን በሉት።

ሄዳ አጠገባቸው ልትቀመጥ ስትል ድምፁ በጆሮዋ መጣ።

«ዶክተር፣ አሁን እኔም ማለት እችላለሁ?»

«ምኑን?»

«መረዳት ምን እንደሆነ አልገባኝም። ሰው ሲገባውና እንዳያሳፍር ብሎ ገባኝ ሲል፣ ሁለቱ ከውስጥ አንድ ሆነው ነው የሚታዩኝ፤ ሁለቱም ጊዜ ሰዉ ይረጋጋል። የለካሁላችሁ እርጋታችሁን ነበር። ቅድም ‹ማንም› ያልኩዎትም በእርግጥ ገብቶታል የምለውን አንድ ሰው እንኳ መለየት ስላልቻልኩ ነው። ከመጀመሪያ ጀምሮ አልገባኝም፣ ግን የጠየቀኝ ስላልነበረ…»

እልፍነሽ ራሷን ነቀነቀች። «ገብቶኛል» ልትል ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

«ቆይ» አለች። «አልገባኝም። ድገምልኝ።»